ኦይለርስ መምረጥ አላቃተውም፤ ያቃተው መጠበቅ ነው

ከካናዳው የበረዶ ሆኪ ክለብ ከኤድመንተን ኦይለርስ ደጋፊ ጋር ሁለት ደቂቃ ካወራችሁ አንድ ነገር መስማታችሁ አይቀርም። "የኛ መልማዮች (ታዳጊ እየተከታተሉ የሚመርጡት ሰዎች) ተጫዋች አያውቁም" ይላችኋል። በየዓመቱ የተሳሳተውን ልጅ መርጠው እንደሚመጡ፣ ከእነሱ በኋላ ተራ የደረሰው ክለብ ግን ኮከብ ይዞ እንደሚሄድ በስም በስሙ ይዘረዝርላችኋል። ቁጭቱ ይገባኛል። ቡድኑ በ2024 እና በ2025 ለስታንሊ ካፕ፣ ለሊጉ ዋንጫ ማለት ነው፣ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በፍሎሪዳ ፓንተርስ ተሸነፈ። ኮነር ማክዴቪድን የመሰለ ተጫዋች ይዞ ዋንጫ ማጣት ያንገበግባል። ግን ጥፋቱን ሁሉ መልማዮቹ ላይ መደፍደፍ ልክ አይደለም። ይህ ክለብ ያቃተው የመረጠውን ልጅ እስኪበስል መጠበቅ ነው። ያ ደግሞ የመልማይ ሥራ አይደለም፤ የአመራር ሥራ ነው።

ሆኪን ብዙም ለማትከታተሉ ትንሽ ላስረዳ። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል ማለት ነው፣ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች በየዓመቱ በድራፍት ለክለቦች ይከፋፈላሉ። በእግር ኳስ እንደለመድነው ሀብታሙ ክለብ ገንዘብ አውጥቶ የፈለገውን ታዳጊ አይወስድም። ደካማ ሆነው የጨረሱት ቀድመው ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያውን ተራ ማን እንደሚያገኝ ደግሞ ዕጣ ይወስነዋል። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ክለቡ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከተፈቀደው በላይ አይከፍልም። ስለዚህ በትንሽ ደመወዝ በደንብ የሚጫወት ወጣት ከምንም በላይ ውድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ 2024 ክረምት እንሂድ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጁን ላይ ኦይለርስ በፍጻሜው በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ተመርቶ ነበር። አራተኛውን ጨዋታ 8 ለ 1 አሸነፈ። በዚያ ምሽት ሁለት ጎል ያገባው ዲላን ሆሎዌይ ይባላል፤ በ2020 ድራፍት 14ኛ ሆኖ የተመረጠ የ22 ዓመት ልጅ። በመከላከሉ በኩል ደግሞ ፊሊፕ ብሮበርግ ነበር፤ በ2019 8ኛ ሆኖ የተመረጠ ስዊድናዊ። ብሮበርግ አብዛኛውን ዓመት ያሳለፈው በሁለተኛው ቡድን በቤከርስፊልድ ነው። በጥሎ ማለፉ መጨረሻ ላይ ተጠርቶ ገባና እንደ አንጋፋ ተረጋግቶ ተጫወተ። ቡድኑ ሰባተኛው ጨዋታ ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ያም ሆኖ ሁለቱ ልጆች በዚያ ሁሉ ጫና ውስጥ ማን እንደሆኑ አሳይተዋል።

የሁለቱም ውል በዚያው ክረምት አለቀ። ታዲያ አመራሩ ምን አደረገ? ጁላይ 1 ገበያው እንደተከፈተ ለነባር ተጫዋቾች ኪሱን ፈታ። ጄፍ ስኪነርን በ3 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት፣ ቪክቶር አርቪድሰንን በዓመት 4 ሚሊዮን ለሁለት ዓመት አስፈረመ። ስኪነር 32 ዓመቱ ነበር። አርቪድሰንም ሠላሳዎቹን ጀምሯል። ልጆቹ ግን ይጠብቁ ተባሉ፤ የት ይሄዳሉ በሚል ስሌት ይመስላል።

ሄዱ እንጂ! ኦገስት 13 ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ለሁለቱም በአንድ ቀን ኦፈር ሺት ላከ። ኦፈር ሺት ማለት ውሉ ላለቀ ግን መብቱ ገና በቀድሞ ክለቡ እጅ ላለ ወጣት ሌላ ክለብ የሚያቀርበው ውል ነው። የቀድሞው ክለብ በሰባት ቀን ውስጥ ያንኑ ያህል ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ካልሆነም የድራፍት ተራ በካሳ ተቀብሎ ይለቀዋል። ለብሮበርግ የቀረበው በዓመት 4.58 ሚሊዮን፣ ለሆሎዌይ 2.29 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ልብ በሉ፤ ለሆሎዌይ የተጠየቀው ለስኪነር ከተሰጠው ያነሰ ነው። ኦይለርስ ለሁለቱም አልከፈለም። በምትኩ ለብሮበርግ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ ለሆሎዌይ አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ወሰደ፤ ሴንት ሉዊስ አንድ ወጣት ተከላካይና የ2028 ሦስተኛ ዙር ምርጫም ጨመረለት።

በቀጣዩ ዓመት ሆሎዌይ ለሴንት ሉዊስ በ77 ጨዋታ 26 ጎል አግብቶ 63 ነጥብ ሰበሰበ (ነጥብ ማለት ያገባው ጎልና ለጎል ያቀበለው ፓክ፣ ማለትም የሆኪው ጠፍጣፋ ኳስ፣ ተደምሮ ነው)። ብሮበርግም ከቋሚ ተከላካዮቹ አንዱ ሆነ። ስኪነር ግን 16 ጎል ብቻ አገባ፤ ጥሎ ማለፉ ሲመጣ አብዛኛውን ጨዋታ ከሰልፍ ውጪ ሆኖ ተመለከተ። በክረምቱ እሱም አርቪድሰንም ከኤድመንተን ወጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ያፈሰሰው ኦይለርስ፣ የለቀመው ሴንት ሉዊስ ነው።

ስለዚህ "መልማዮቹ አይችሉም" የሚለው ክስ የቱ ጋ ነው የሚቆመው? ስለ 2019 ድራፍት ሰው ሁሉ የሚለውን አውቃለሁ። ብሮበርግ ሲመረጥ ትሬቨር ዚግራስ፣ ማት ቦልዲና ኮል ኮፊልድ ገና አልተወሰዱም ነበር። እውነት ነው፣ ቦልዲንና ኮፊልድን ዛሬ የማይፈልግ ክለብ የለም። ግን ተከላካይ ከአጥቂ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ሆኪ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ብሮበርግን 23 ዓመት ሳይሞላው "ከሽፏል" ያለ ሰው በ24ኛ ዓመቱ ሲታይ ተሳስቷል። መልማዮቹ ያዩት ነገር ልጁ ውስጥ ነበረ። ፍሬውን የበላው ሌላ ክለብ ነው እንጂ።

ይህ ደግሞ የአንድ ክረምት ስህተት ቢሆን ባልጻፍኩ። ኦይለርስ በ2010፣ በ2011 እና በ2012 ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሁሉም ቀድሞ የመምረጥ ዕድል አገኘ። ቴይለር ሆልን፣ ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ ከዚያ ናይል ያኩፖቭን ወሰደ። የያኩፖቭ ስም ኤድመንተን ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነሳው ለስላቅ ነው። በዚህ አዝናለሁ። ልጁ የመጀመሪያ ዓመቱ ባጠረው የውድድር ዘመን በ48 ጨዋታ 17 ጎል አግብቷል። ከዚያ ምን ሆነ? በአራት የውድድር ዘመን አራት አሰልጣኝ ተፈራረቀበት። ራልፍ ክሩገር፣ ዳላስ ኢኪንስ፣ ቶድ ኔልሰን፣ ቶድ ማክሌለን። አንዱ ያስተማረውን ሌላው ያፈርሳል። የ19 ዓመት ልጅ ከአገሩ ርቆ እንዲህ እየተናጠ እንዴት ያድጋል? ያኩፖቭ የግድ ትልቅ ኮከብ ይሆን ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ያንን ትርምስ የፈጠረው አመራር ጥፋቱን በልጁ ላይ ጥሎ መሄድ አይችልም።

ፊንላንዳዊው የሲ ፑልዩያርቪም እንደዚሁ ነው። በ2016 4ኛ ሆኖ ተመረጠ። ገና በ18 ዓመቱ፣ እንግሊዝኛው ሳይፈታለት፣ ከትልልቆቹ ጋር አሰለፉት። 28 ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ጎል አገባና ወደ ታች ወረደ። ፊንላንድ ውስጥ አንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይጎድል ነበር? ኋላ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደዚያው ተመልሶ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በዚያ ድራፍት ከእሱ ሁለት ተራ ዝቅ ብሎ ካልጋሪ የመረጠው ማቲው ትካቸክ ነው። አዎ፣ በሁለቱም ፍጻሜዎች ለፍሎሪዳ ተሰልፎ ኦይለርስን ያስለቀሰው ራሱ። ይህ ያማል፤ አልክድም።

በ2015 ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ድራፍት ሆነ። ኦይለርስ 11.5 በመቶ ብቻ በነበረው ዕድል ዕጣው ወጥቶለት ማክዴቪድን መረጠ። በዚያው ድራፍት 16ኛውንና 33ኛውን ተራ ለኒውዮርክ አይላንደርስ ሰጥቶ ግሪፊን ራይንሃርት የሚባል ተከላካይ ወሰደ። ምክንያቱ ቶሎ የሚደርስ ተከላካይ እንፈልጋለን የሚል ነበር። አይላንደርስ በ16ኛው ተራ ማት ባርዛልን መረጠ። ባርዛል ከሦስት ዓመት በኋላ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ራይንሃርት ለኦይለርስ በመደበኛው ውድድር የተጫወተው 29 ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ያጠፋው የትኛው መልማይ ነው? ተራውን የሸጠው ጄኔራል ማናጀሩ፣ ተጫዋች የማስፈረምና የመለወጥ ኃላፊው፣ ፒተር ቺያሬሊ ነው። መልማዩ እንዲመርጥ ዕድሉን እንኳ አልሰጠውም።

ክለቡ ሲታገስ ደግሞ ምን እንደሚያገኝ እንይ። ሊዮን ድራይሳይትል በ2014 3ኛ ሆኖ ተመረጠ። ወዲያው አሰለፉት፤ በ37 ጨዋታ ሁለት ጎል ብቻ አገባ። ያኔ "ይሄ ልጅ ቀርፋፋ ነው" ያለው ብዙ ነው። አመራሩ ግን በዚያን ጊዜ አንድ ትክክለኛ ነገር አደረገ። በውድድሩ አጋማሽ ወደ ወጣቶች ሊግ መለሰው። ልጁ ከኬሎና ክለብ ጋር እስከ ሜሞሪያል ካፕ (የወጣቶቹ ዋንጫ) ፍጻሜ ሄደና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2020 የኤን ኤች ኤልን የዓመቱ ኮከብ ሽልማት ወሰደ፤ በ2024-25 52 ጎል አግብቶ ሊጉን በጎል አግቢነት መራ። ኢቫን ቡሻርድም እንዲሁ ነው። በ2018 10ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ሰባት ጨዋታ ቀምሶ ወደ ወጣቶች ሊግ ተመለሰ፣ ከዚያ ቤከርስፊልድ ሄደ። ቋሚ ተሰላፊ እስኪሆን ሦስት ዓመት ፈጀ። በ2024 ጥሎ ማለፍ ከተከላካይ ቦታ 32 ነጥብ ሰበሰበ! ቡሻርድን የመረጠው የቺያሬሊ አመራር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳደገው ግን ከእሱ በኋላ ጄኔራል ማናጀር የሆነው ኬን ሆላንድ ነው። ሆላንድ ከቀድሞ ክለቡ ከዲትሮይት ይዞት የመጣው ልማድ ወጣቱን ሳይቸኩሉ ማብሰል ነበር። ምርጫና ማሳደግ ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

"ማክዴቪድ እያለ ወጣት እናሳድግ ብለን የምንቀመጥበት ጊዜ የለንም" የሚሉኝ አሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ማክዴቪድ በኦክቶበር 2025 የፈረመው ውል ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር። ከሚገባው በታች የተቀበለው ዋንጫ ስለሚፈልግ መሆኑን ሁሉም ይረዳዋል። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ደግሞም ምርጫ ሰጥቶ አንጋፋ ማምጣት ሁሌ ስህተት አይደለም። በ2023 ማቲያስ ኤክሆልምን ከናሽቪል ለማምጣት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና በ2022 የተመረጠውን ሪድ ሼፈርን ሲሰጡ ልክ ነበሩ። ኤክሆልም ቡድኑን ለውጦታል። አሁንም ቢሆን አድርጉት እላለሁ።

ግን ዋንጫ ለማንሳት መቸኮልና ወጣት ማባከን አንድ አይደሉም። ድራይሳይትል በዓመት 14 ሚሊዮን፣ ቡሻርድ 10.5 ሚሊዮን፣ ማክዴቪድ 12.5 ሚሊዮን ሲወስዱ በቀረው ገንዘብ ቡድን መሙላት የሚቻለው በርካሽ በሚጫወቱ ልጆች ነው። ሆሎዌይ በ2.29 ሚሊዮን 26 ጎል የሚያገባበት ቡድን በ2025 ፍጻሜ ምን ያህል ይጠነክር እንደነበር አስቡት። ለማክዴቪድ ስንል ነው የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይፈርሳል። ለማክዴቪድ ሲባል መቅረት የነበረባቸው እነዚያ ሁለት ልጆች ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ስታን ቦውማን ጄኔራል ማናጀር የሆነው ጁላይ 24፣ 2024 ነው። ኦፈር ሺቱ ሲመጣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ገንዘቡን ለነባሮቹ ያዋለው ሆላንድ ከወጣ በኋላ በመካከል ሥራውን የያዘው ጄፍ ጃክሰን ነው። በእርግጥ አለመክፈሉን የወሰነው ቦውማን ስለሆነ ነፃ አይወጣም። ግን በየጊዜው አንድ ስም እየጠራን "እሱ ነው ያበላሸው" ማለቱ ይብቃን። ታምቤሊኒ፣ ማክታቪሽ፣ ቺያሬሊ፣ ሆላንድ፣ ቦውማን፤ የጄኔራል ማናጀሩ ስም ይቀየራል፣ ችኮላው ግን ሲወራረስ ቆይቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ክለቡ ራሱ ነው።

አሁን ፈተናው ማት ሳቮይና አይዛክ ሃዋርድ ናቸው። ሳቮይን በ2024 ከባፋሎ በራያን ማክሌዎድ ለውጠው አመጡት፤ እዚሁ የኤድመንተን ጎረቤት የሴንት አልበርት ልጅ ነው። ሃዋርድ በ2025 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሆቢ ቤከርን ወስዷል። እሱን ከታምፓ ያመጡት በ2024 በመጀመሪያ ዙር የመረጡትን ሳም ኦራይሊን ሰጥተው ነው። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው። ሁለቱም አንዳንድ ምሽት ፓክ ያስነጥቃሉ፣ ተከታታይ ጨዋታ ጎል ሳያገቡ ይወጣሉ። ያን ቀን ከሰልፍ ተነስተው በቦታቸው የ33 ዓመት ሰው ከገባ የሚሆነውን አይተነዋል። ሌላው ነገር የቀን ጉዳይ ነው። የቡሻርድን ውል በ2025 የጨረሱት ጁን 30 ነው፣ ገበያው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌላ ክለብ ወረቀት ይዞ ሳይመጣ። ለዚህ ቦውማንን አመሰግናለሁ። ውሉ ለሚያልቅ ለእያንዳንዱ ወጣት እንደዚያው ይደረግ፤ ለነባሮቹ የሚሰጠው ገንዘብ ከዚያ በኋላ የተረፈው ይሁን።