ዋናው ብርሃኑ ነው

የወንድ ድመት የዘር ፍሬ ውስጥ የደም ሥሮች እድገት ከወቅት ወቅት ይለያያል የሚለውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ድመት ላይ ወቅት ማለት በዋናነት ብርድና ሙቀት ሳይሆን የቀኑ ርዝመት ነው። ሌሊቱ ሲረዝም አንጎል ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ያመነጫል፣ እሱ ደግሞ የመራቢያ ሆርሞኖችን ያዝ ያደርጋቸዋል። ሴቷ አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወራት ጭራሽ ፀጥ ልትል ትችላለች። ወንዱ ግን ዓመቱን ሙሉ ዘር ያመርታል፣ የሚለዋወጠው መጠኑና ጥራቱ ነው።

የደም ሥሩ ጉዳይ ግን ገርሞኛል። ባደገ አካል ውስጥ አዲስ የደም ሥር እንዲሁ አይበቅልም እኮ! ቁስል ሲድን ይበቅላል፣ በእንስቶች እንቁላል እጢና ማህፀን ውስጥም እንደዚሁ፣ ከዚያ ውጪ ብዙ ጊዜ እንደ ካንሰር ካለ በሽታ ጋር ነው የምናየው።

እኔ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰኔ ላይ ከ18 ያልፋል። ያልተኮላሸው ድመቴ በጨለማው ወራት ማሞቂያው ሥር ተጠቅልሎ ይውላል፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ግን በሩ ሥር ቆሞ ሲጮህ ያድራል፣ ከወጣ ደግሞ ጆሮው ተቦጭቆ ነው የሚመለሰው። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ እዚያ ያለ ድመት ይሄን ያህል ይለዋወጣል ብዬ አልጠብቅም።

ስለዚህ ከድመት የዘር ፍሬ ናሙና የሚወስዱ ሐኪሞች ወሩን ብቻ አይመዝግቡ። ድመቱ ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት በርቶለት የሚያመሽ ከሆነ ለእሱ ታኅሣሥም እንደ ሰኔ ነው።