ከክኒኑ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ

ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል እንደገባ አስታማሚው አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ነርሷም የታዘዘውን አስፕሪን በውኃ ትሰጣለች። ሁለቱም ለበሽተኛው ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሁለቱም ሊገድለው ይችላል። ስትሮክ በመታቸው ሰሞን ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ መዋጥ ይቸግራቸዋል፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ ደግሞ የሳንባ ምች ያስከትላል። የነርሶች የስትሮክ ሥልጠና ከዚህ መጀመር አለበት።

የመዋጥ ምርመራው የሚፈልገው ማንኪያና ብርጭቆ ብቻ ነው። በሽተኛው በደንብ የነቃ ይሁን፤ ካልነቃ አይሞከርም። በትራስ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አፉ ይጽዳ። ነርሷ ጣቷን ማንቁርቱ ላይ አድርጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ትሰጠዋለች፤ ሲውጥ ማንቁርቱ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ "አ" ይበል። ካሳለ፣ ውኃው በከንፈሩ ጥግ ከወረደ፣ ወይም ድምፁ ውኃ እንደያዘ ከተንኮረኮረ እዚያው ይቁም። ሦስት ማንኪያ በደህና ካለፈ ግማሽ ብርጭቆ ይከተላል። ያላለፈ በሽተኛ በአፉ ምንም አይቀምስም፣ ክኒንም ቢሆን፤ ይህም አልጋው ራስጌ ላይ በጉልህ ተጽፎ ለአስታማሚው ይነገር። ሳያስለው ወደ ሳንባ የሚገባበትም ስላለ ያለፈውንም ቢሆን የመጀመሪያውን ምግብ ሲበላ ነርሷ አጠገቡ ትሁን።

በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ። ነርሶች ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን በተጻፈ መመሪያ እንዲከታተሉ በሠለጠኑባቸው ክፍሎች፣ ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መኖር ያልቻሉት 42 በመቶ ነበሩ፤ በሌሎቹ 58 በመቶ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም።

ከዚያ ጥናት እኛ ልንወስደው የሚገባው "በተጻፈ መመሪያ" የሚለውን ነው። ሙቀት በየ4 ሰዓቱ ለ72 ሰዓት ይለካል፤ 37.5 ሲደርስ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ነርሷ ግን በሌሊት ተረኛ ሐኪም ፍለጋ የምትንከራተት ከሆነ ሥልጠናው ምን ይፈይዳል? እንድትሰጥ የሚፈቅድላት ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

የዛለውን ክንድ ይዞ በሽተኛን መጎተት ትከሻውን ከቦታው ያስወጣል፤ ይህንንም አስታማሚዎች ጭምር ይማሩት።

በአዳራሽ ሁለት ቀን ስላይድ ማሳየት አይበቃም። ሠልጣኟ አልጋው ዳር ቆማ የመዋጥ ምርመራውን በራሷ እጅ ትሥራ፣ አሠልጣኙም ይመልከታት። የሠለጠነች ነርስም በዝውውር ከመሄዷ በፊት የምትተካት ነርስ አብራት ሠርታ ትልመድ።