ሳሎኔን ማን ቆጠረው?

ቤቴ ውስጥ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ታይቶ አያውቅም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስከራይ ኬብል ያስገባሁት ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአርሰናል ነው። የዚያች ሞላላ ኳስ ነገር እስካሁን አልገባኝም። ሰው በሰው ላይ ይከመራል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ እንደገና ይከመራሉ። ሪሞቴን ነካ አድርጌ አልፋለሁ።

ያ ሳሎን ግን ለካ ተቆጥሮ ኖሯል።

የነገረኝ አብሮኝ ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። እዚህ ስለተወለደ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይላል፤ ለምጄዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ስለ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲያወራ "እኔ ምን አገባኝ" አልኩት። "ጋሼ፣ አንተን እኮ ነው የገዙት" አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ቁጭ ብሎ ሲያስረዳኝ ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርት ይቧደናሉ። ቡድኑን ኮንፈረንስ ይሉታል። ለእኛ ሰው ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ፣ ደንብ ያወጣሉ፣ ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣሉ። ከቴሌቪዥን የሚመጣውን ገንዘብ በአንድ ቋት አስገብተው ይካፈላሉ። መካፈሉ እንኳ ወደ እቁብ ይጠጋል፤ ይሁን።

አገር ቤት ላለ ሰው የተማሪ ኳስና ገንዘብን ምን አገናኛቸው ሊያሰኝ ይችላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ሕዝብ ሁለቴ ቢገለብጡበት ወንበር ይተርፋል። እኔ ስድስት ኪሎ ሳለሁ የዩኒቨርሲቲያችንን ቡድን ለማየት የሚመጣው ሰው ከተጫዋቹ ብዙም አይበልጥም ነበር። ያውም ግማሹ ፈተና ፈርቶ ከላይብረሪ የወጣ ነው።

ወደ ሜሪላንድ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲው የአትላንቲክ ዳርቻውን ኮንፈረንስ፣ ኤሲሲን፣ በ1953 ካቋቋሙት አንዱ ነው (እዚህ ላይ የምጽፈው ዓመት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ የፈረንጅ ነው)። ስልሳ ዓመት ያህል ከካሮላይናና ከቨርጂኒያ ጎረቤቶቹ ጋር ተጫወተ፣ ተጣላ፣ ታረቀ። በቅርጫት ኳስ ከዱክ ጋር የነበረው ብሽሽቅ እስከ ዛሬ ይወራል። በኖቬምበር 2012 ግን "ወጥቻለሁ" አለ። የሚሄደው ወደ ቢግ ቴን ነው፤ መሠረቱ ሚሺጋን፣ ኦሃዮ፣ ኢሊኖይ ወዳለው ማኅበር። ስሙ "ታላላቆቹ አሥር" ማለት ነው። ሜሪላንድና የኒው ጀርሲው ሩትገርስ በ2014 ሲገቡ አሥራ አራት ሆኑ። በዚያው ዘመን "ቢግ 12" የሚባለው ሌላው ማኅበር አሥር አባል ነበረው። ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ።

ለምን ሄደ? አንደኛው፣ ቸግሮት ነው። የስፖርት ክፍሉ ገንዘብ አጥሮት በዚያው በ2012 ሰባት ቡድኖቹን ዘግቶ ነበር። አሮጌው እድር 52 ሚሊዮን ዶላር ከፍለህ ውጣ አለው። ተካሰሱ። በመጨረሻ በ31.4 ሚሊዮን ተስማሙ።

ሁለተኛው ነው እኔን የሚመለከተኝ። ቢግ ቴን ሜሪላንድን የፈለገው በኳሱ ጉብዝና አይደለም። ሩትገርስንም እንደዚያው። ቢግ ቴን የራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ አለው። የኬብል ድርጅት ለዚያ ጣቢያ የሚከፍለው በየቤቱ ቆጥሮ ነው፤ ባለቤቱ አየውም አላየውም። ቤቱ የአባል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ክፍያው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሩትገርስ ሲገባ የኒው ዮርክ ዙሪያ ገባ ሳሎን ተከትሎት ገባ። ሜሪላንድ ሲገባ የዋሽንግተንና የባልቲሞር ዙሪያ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዩኒቨርሲቲው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ስለዚህ እኔ ለአርሰናል ብዬ በየወሩ ከምከፍለው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለሞላላዋ ኳስ ትሄድ ነበር። ጎረቤቴ እማማ፣ ቴሌቪዥናቸው ከቅዳሴ በቀር ሌላ የማያውቀው፣ እሳቸውም ተቆጥረዋል። እሳቸውን ሳስብ ነው ሳቄ የሚመጣው።

በመካከሉ፣ በ2013 ክረምት፣ እዚያው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ውስጥ ነበርን፤ እኛ ሐበሾቹ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ሠላሳኛ ዓመት የተከበረው እዚያ ነው። አብዛኛው ሰው እንደ ልማዱ ኳሱን ሳይሆን ሰውን ለማየት ነበር የመጣው። "አንተ አለህ እንዴ!" የሚል ጩኸት ከፊሽካው ይበልጣል። በርበሬው ሸትቶ ሣሩ ሳይቀር የእኛ መስሎ ነበር። ባለሜዳው ዩኒቨርሲቲ ግን ጓዙን ሸክፎ ሊሄድ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም።

ፌዴሬሽናችን የተመሠረተው በ1984 ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን ውሳኔ ሰጠ። እስከዚያ ድረስ ስንት ጨዋታ፣ የማን ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲኤኤ የሚባለው የበላይ አካል ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ ሰባት ለሁለት ረቱት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቡድን ራሱን መሸጥ ጀመረ። ለብቻ ከመሸጥ በማኅበር፣ በትንሽ ማኅበር ከመሸጥ በትልቁ ይሻላል ተባለ። ቢግ ቴን በ2022 ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የተፈራረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ወሬ ነበር የምሰማው። ኦገስት 4 ቀን 2023፣ ዓርብ ማታ፣ የአክስቴ ልጅ ከሲያትል እስኪደውልልኝ ድረስ። የእሱ ልጅ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። ትምህርት ቤቱ ያለው ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ከሲያትል አምስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ዙሪያዋ ስንዴ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ አርሲ ነው ያደገው፤ ልጁን መጀመሪያ ያደረሰው ቀን "አሰላ የገባሁ መሰለኝ" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀዩን ኮፍያ ከራሱ አያወርድም። ያን ማታ ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። "ወንድሜ፣ እድራችን ፈረሰ" አለኝ።

ፓክ-12 ማለቱ ነው። በ1915 የተመሠረተ የምዕራቡ ዳርቻ ማኅበር። ከሎስ አንጀለስ ሁለቱ ትልልቆች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ የተናገሩት ከዓመት በፊት ነበር። ኮሎራዶ ደግሞ ያን ሰሞን ወጣ። የቀሩት ዘጠኝ የቴሌቪዥን ውል ፍለጋ ላይ ነበሩ። የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ለእያንዳንዳቸው በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ሲል 50 ጠየቁ ተብሎ በሰፊው ተጽፏል። እንደዚያ ከሆነ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው። በመጨረሻ እጃቸው ላይ የቀረው የአፕል ሐሳብ ነበር፤ ገንዘቡ በተመዝጋቢ ቁጥር የሚለካ። ያን ዓርብ ጠዋት ዘጠኝ ነበሩ። ማታ አራት ሆኑ። ኦሪገንና የሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ቢግ ቴን፣ ሁለቱ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎችና ዩታ ወደ ቢግ 12። በወሩ ስታንፎርድና በርክሌይም ሄዱ። የት? ወደ ኤሲሲ። የሳን ፍራንሲስኮ ሰው የአትላንቲክ ዳርቻ እድርተኛ ሆነ። ካርታ ያለው ይመልከት።

ሁለት ቀሩ፤ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት። በኳስ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በዙሪያቸው የሚቆጠር ሳሎን ስለሌለ ነው። ፑልማን ላይ ያለው ሰው ሁሉ ኳሱን ያያል፣ ግን ስንዴ ሂሳብ አይከፍልም። እኔ የማላየው ተቆጠርኩ፣ የሚያዩት ተጣሉ። የአክስቴን ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ቀና ብዬ ማየት ያፈርኩ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ባይሆንም።

አስገራሚው ነገር የወጡት ከሄዱም በኋላ በድሮው ቤት ጉዳይ ድምፅ ይኑረን ማለታቸው ነው። ሁለቱ ቀሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የማኅበሩ ቦርድ የቀሪዎቹ ነው ተብሎ ተፈረደላቸው። በእኛ አነጋገር ድንኳኑም ሰሃኑም ለነሱ ቀረ። የሚያበሉት ለቀስተኛ ብቻ ጠፋ።

እድር ውስጥ ዘግይቶ የሚገባ ሰው የመግቢያ ከፍ ያለ ይከፍላል። ደንብ ነው፤ ድንኳኑን የገዙት ሌሎች ናቸው። እዚህም አለ፣ ግን በጣም ከፍ ብሎ። የዳላሱ ኤስኤምዩ ኤሲሲ ለመግባት ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ድርሻ አልፈልግም ብሎ ፈረመ። ዘጠኝ ዓመት በነፃ! ሀብታም ምሩቃን ስላሉት ቻለው። አሮጌውን ሰፈር ጥሎ ለሄደው ደግሞ ቅጣት አለ፤ ዩሲኤልኤ ለእህቱ ለበርክሌይ (ሁለቱም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ናቸው) በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ወስኖበታል። ይህችኛዋን ወድጃታለሁ። የሽማግሌ ፍርድ ትመስላለች።

ፉትቦል እንኳ በሳምንት አንዴ ነው፤ በርቀቱ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዱት ሌሎቹ ናቸው። ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ ነው የምትማረው። ዶርም የምትጋራት ልጅ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው መኸር ዕቃ ላደርስ ስሄድ ልጅቷ ሻንጣዋ በሩ ላይ፣ ላፕቶፗ ጉልበቷ ላይ፣ ጫማዋን በአንድ እጅ እያሰረች በሌላው ትጽፋለች። ወደ ሎስ አንጀለስ ናት። ከአዲስ አበባ ካይሮ ከመሄድ የሚርቅ መንገድ ነው፤ ለሊግ ጨዋታ። ልጄ "አባዬ፣ ፈተናዋን አውሮፕላን ውስጥ ነው የምታጠናው" አለችኝ። ካሜራ የሚከተላት ሁለት ሰዓት ነው፣ የምትበረው ቀን ሙሉ። ድንች ወጥ ይዤ ነበር፤ በዕቃ አድርጌ ሰጠኋት። ኤርፖርት ላይ ያስጥሏታል መሰለኝ።

አገር ቤት ስደውል ይህን ሳወራ "እናንተ አገር ደግሞ ኳስ በደላላ ሆነ?" ብለው ይስቃሉ። አይሳቅ። ዲኤስቲቪ የእኛን ሊግ ስርጭት ሲገዛ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2013፣ ክለቦቹ ተሰብስበው በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ እየተዘዋወሩ መጫወት ጀመሩ። ኮሮናውም ነበር፣ ካሜራውም ነበር። የቡና ደጋፊ ወንድሜ ቡድኑን አዲስ አበባ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው፤ ከበሮውን አልጋ ሥር አስገብቶ። ደግሞስ በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. መድን ዋንጫ የወሰዱበት ሊግ ይዘን በሰው ገንዘብ ላይ መፍረድ ትንሽ ይከብዳል። እዚህ ያለነውም ብንሆን ነፃ አይደለንም። ያ የምንኮራበት የፌዴሬሽናችን ፌስቲቫል በፈረንጅ 2012 ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሆኖ አይተናል። ያኔ እኔ ዋሽንግተኑ ይቀርበኛል ብዬ እዚህ ሄድኩ። የዳላስ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው አሮጌ እድሩን አይለቅም። ወሩ ሲደርስ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል፤ ሰው ሲሞት ሌሊትም ቢሆን ይመጣል። ቢግ ቴን ደግሞ ዛሬ አሥራ ስምንት ነው፣ ከኒው ጀርሲ እስከ ኦሪገን። ሩትገርስ ሐዘን ቢደርስበት ዩሲኤልኤ ወጥ ይዞ የሚመጣ አይመስለኝም።

ሁለቱ ቀሪዎች አባል ፍለጋ ወጡ። ቦይዚ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት በ2026 እንገባለን አሉ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እንዲያው የጎረቤት ሽታ ያለው ማኅበር ነው።

እነሱ ከመግባታቸው በፊት ግን፣ ሴፕቴምበር 2024 ላይ፣ ዋሽንግተን ስቴት ከሄደው ጎረቤቱ ከዋሽንግተን ጋር ሲያትል ላይ ገጠመ። አፕል ካፕ ይሉታል፤ ከ1900 ጀምሮ የሚደረግ ነው። እኔ ጨዋታው አይገባኝም፣ ግን ለአክስቴ ልጅ ስል በስልክ ከፍቼ አየሁ። ኬብሉን ካቋረጥኩ ቆይቻለሁ። መጨረሻው ላይ ዋሽንግተን አንድ ያርድ ቀርቶታል። አንድ እርምጃ። ሰው በሰው ላይ ተከመረ። ኳሱ አልገባም። 24 ለ 19።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለም፤ ከኋላው ያለውን ጩኸት ብቻ አሰማኝ።