«ሜዞን ሮዝ» በሸክላ መመለሱ

የፈረንሳይቷ ዘፋኝ የኤማኑኤል ፓረናን «ሜዞን ሮዝ» የተሰኘው አልበም በሸክላ እንደገና መታተሙን በጽሑፋችሁ ስላነሳችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ጽሑፉ አልበሙን «የድሮ የፈረንሳይ ባህላዊ ዘፈን» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። ፓረናን የገጠሩን ዜማ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በዚህ አልበም ግን የራሷን ዓለም ነው የፈጠረችው። ቪየል የሚባለውን መሣሪያ ልብ ብላችሁ አድምጡት። እጀታው ሲዞር የእንጨት መንኮራኩር ክሮቹን ይፈገፍጋል፣ አንዳንዶቹ ክሮች አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው ሳያቋርጡ ያንጎራጉራሉ፣ በዚያ ላይ የእሷ ስስ ድምፅ ሲመጣ በቃ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ነው የምቀመጠው። መሲንቆ የለመደ ጆሮ ያንን ሻካራነት ቶሎ ይወደዋል፤ እዚህ ደጋን የለም እንጂ መንኮራኩሩ ራሱ ደጋን ነው። «ቶፓዝ» የተባለው የአልበሙ ዘፈን ላይ ከበሮው ሲገባማ ስንቴ መልሼ እንደሰማሁት! ስለዚህ ዘፈን አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋችሁ አስከፍቶኛል። ሸክላውን የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ክፈቱት። በስልክ ድምፅ ማጉያ ያ የክሮቹ ማንጎራጎር ግማሹ ይጠፋል። ከወደዳችሁት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችውን «ሜዞን ኩብ» የተባለ አልበሟን ፈልጋችሁ ስሙ።