ጋሼን ስለ ካራማራ ብቻ አትጠይቁት

የካቲት 26 ሲደርስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የታንክ ፎቶ፣ የባንዲራ ፎቶ፣ «ክብር ለጀግኖቻችን» የሚል ጽሑፍ። እኔም ሼር አደርጋለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ሐይቅ አካባቢ ወደሚኖረው አጎቴ እደውላለሁ። ብዙ ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ነው የሚነሳው።

«ጋሼ፣ እንኳን ለካራማራ በዓል አደረሰህ።»

«አብሽር፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ስማ እንጂ፣ የቅሬ መዋጮህ የሁለት ወር ቀርቶብሃል።»

በየዓመቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ልክ ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። እኛ የምናከብረው አንዲት ቀኑን ነው። እሱ የሚያወራው ስለቀረው ዕድሜው ነው።

ለማያውቅ ልንገር። በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ጋሼ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ከተሁለደሬ ገጠር ተነስቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ ሚሊሺያ ሆነ፣ ጥቂት ወር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ተጫነ። ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃለች። የካራማራን በር ፊት ለፊት ገጥሞ መስበር ብዙ ሰው የሚያስጨርስ ስለነበር፣ ከጦሩ የተወሰነው ተራራውን ዞረ። ሄሊኮፕተርም ሰውና ቀላል ታንክ ጭኖ ከጠላት ጀርባ አወረደ። ኩባዎችም አብረው ተዋጉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተለቀቀች።

ይኼን ያነበብኩት ነው። ከጋሼ የሰማሁት ሌላ ነው። «አንድ የቦረና ልጅ ነበር» ይላል። የኛውን የወሎ ቦረና ማለቱ ነው። «ሌሊት ኮዳውን ሲያንቀጫቅጭ እሰማዋለሁ። ባዶ መሆኑን ያውቃል። ግን ያንቀጫቅጨዋል።» አለቀ። የካራማራ ታሪኩ ይኼው ነው። «ስንት ገደልክ?» የሚሉትን ጎረምሶች ዝም ብሎ ያያቸውና ስለ ማሽላው ማውራት ይጀምራል።

ጉልበቱን ተመትቶ በ1971 በምርኩዝ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ዘመቻው ቀበሌው ድረስ ሲመጣ ጋሼ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ሀሁ ቆጠረ። መሬት ላይ መቀመጥ ስለማይችል ድንጋይ ተሰጠው። ማንበብና መጻፍ በቻለ ማግስት የቅሬው ጸሐፊ አደረጉት። በኋላ ዳኛም ሆነ፤ መዝገቡን ግን ለሌላ ሰው አላስረከበም።

የወሎ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ለሌላው ግን፣ አዲስ አበባ እድር የምንለው ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት። መቃብር ይቆፍራል፣ ለቅሶ ቤት እንጨትና ውኃ ያደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ከቅሬ የተወገደን ሰው ጎረቤቱ እሳት እንኳ አያጫጭረውም። ጋሼ ሙስሊም ነው። እህቱ፣ የኔ እናት፣ ክርስቲያን አግብታ ክርስቲያን ሆነች። ሁለቱም ስማቸው ያለው አንድ መዝገብ ላይ ነው።

በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በሶማሊያው ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ጋሼ ይኼን የሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ያን ሰሞን እሱ ሐውልት የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። ወሎ በረሃብ እየረገፈ ነበር። ኮረምና ባቲ የመጠለያ ስም የሆኑት ያኔ ነው። ገጠር የቀረው ሰው ግን ካሜራ አላየውም። እዚያ የነበረው ቅሬ ብቻ ነው። ንፍሮ ቀረ፣ ቡና ቀረ፣ የለቅሶው ሥርዓት አጠረ። መቆፈር ግን አይቀርም። ድሮ አንድ ጉድጓድ ለአራት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ያን ዓመት ስምንት መደበ፤ ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆፈሩ። «መደብኩ» ነው የሚለው፣ እንደ ወታደር። ከአራት ሰው ስምንት የሆነበትን ቀን ሲያወራ፣ ስለ ካራማራ ሲያወራ የማላየውን ፊት አያለሁ።

ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ። አልተመለሰም። ጋሼ አምስት ልጆች ነበሩት፤ እኛ ሦስት ተጨመርን። ስምንት አፍ በአንድ ጥማድ በሬ። ለእኔ ትምህርት ጊደር ተሸጣለች። ይቺን ጊደር አሁንም ስጣላው ያነሳብኛል።

ግንቦት 1983 ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። ከሰሜን በእግሩ የሚመለሰው ወታደር በወሎ መንገድ አለፈ። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉ የሸተተ፣ ዳቦ የሚለምን። ሰው ማስጠጋት ፈርቶ ነበር። የጋሼ ሚስት ቂጣ ስትጋግር ውላ ስትጋግር አደረች። ሲበሉ ጋሼ ሳይጠይቃቸው ስማቸውን ነግረውት ይሄዱ ነበር ይባላል። ቤት ካልደረስን ለቤተሰብ ንገርልን ለማለት ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ፈርቶ የራሱን የዘመቻ ወረቀት በስልቻ ከቶ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ሲያወርደው አይጥ በልቶታል።

ከዓመታት በኋላ ለጉዳቱ የሚሰጥ ድጎማ ካለ ብለን አንድ ቢሮ ሄድን። ወጣቱ ሠራተኛ ትሁት ነው። «አባባ፣ ማስረጃ ይዘዋል?» አለው። ጋሼ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየው። ልጁ አፈረ። ግን «ወረቀት ማለቴ ነው» አለ። እኔ ተንጨረጨርኩ። ወጥተን መንገድ ስንጀምር ጋሼ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልጁ ልክ ነው። እኔስ ያለ ደረሰኝ መዋጮ ተከፍሏል ብባል እቀበላለሁ?»

ልጁም ልክ ነው፣ ጋሼም ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ወረቀት ማለት ማኅተም ያለበት ብቻ ነው ብለን ማሰባችን ነው። ወራሽነት በሰው ምስክር ይረጋገጣል። ድንበር የማን እንደሆነ ሽማግሌ ይጠየቃል። ታዲያ ማን ዘመተ፣ ማን ቆስሎ ተመለሰ፣ ማን ቀረ ለሚለው ከቅሬ የተሻለ ማን ያውቃል? የዚያን ዘመን ሰዎች እያለቁ ነው። ቀበሌው ከቅሬው ጋር ቁጭ ብሎ አሁን ቢመዘግብ ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ ስኒ ቡና ነው። ውሸታም ይበዛል የሚል አይጠፋም። ቅሬ ውስጥ ዋሽቶ የኖረ ሰው ካለ ስሙን ይጥራልኝ። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ።

ከዚህ ይልቅ የምናደርገው ጋቢ ማልበስ ነው። ጋሼንም አንድ ጊዜ መድረክ ላይ አውጥተው አልብሰውታል። ንግግር አድርግ አሉት፤ ስለ ምንጩ ጥርጊያ አወራ። ጋቢውን ግን አልለበሰውም። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚዎቹና ከስኒዎቹ ሥር «ጋቢ፣ 1» ብሎ በቅሬው ንብረት መዝገብ ጽፎታል። ለቅሶ ቤት ለሚያድር እንግዳ ይሰጣል።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ እኛው ደጅ መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ በሐይቅ በኩልም ውጊያ ነበር። ልጆቹ ደሴን አልፈው ሸሹ፤ እሱ «በዚህ እግሬ የት?» ብሎ ቀረ። ተኩሱ ጋብ ሲል ማሽላ ማሳ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ወድቀው ተገኙ። የማን ወገን እንደሆኑ ክርክር ተነሳ። ጋሼ ለአንድ ጉድጓድ አራት አራት ሰው መደበ። ሃይማኖታቸው ስላልታወቀ ሼሁም ቄሱም ተጠሩ፤ ሁለቱም እንደ ሥርዓታቸው ጸለዩ። ከኪሳቸው የተገኘውን፣ አንድ ቁልፍና አንድ ጉርድ ፎቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ።

መዝገቡን አይቼዋለሁ። በስም ፈንታ «እንግዳ» ይላል፣ ሦስት ጊዜ። ከእያንዳንዱ ፊት አንድ መስመር ክፍት ተትቷል። ቦታ ለምን አባከንክ ብዬ ስቀልድበት «ጠያቂ ይመጣል» አለኝ።

ባለፈው ለመውሊድ ስሄድ መዋጮዬን ከፈልኩና ደብተሩን ገለጥኩት። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ስም ተጽፎበታል። ቀለሙ ሌላ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው።