«ዋጋ በኢንቦክስ» ለሮቦት አይሠራም

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን በርኖስና ዝተት የሚሸጡ አንድ ጋሼ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ብርዱ እንደ ልማዱ ነው። ሻይ ታዘዘ። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው አንድ መልእክት አሳዩኝ። የማርኬቲንግ ድርጅት ነኝ የሚል ሰው «ሱቅዎን ቻትጂፒቲ ላይ አንደኛ እናደርጋለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» ብሎ ጽፎላቸዋል። ቀብዱ የሚከፈለው በቅድሚያ ነው።

«እውነት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እዚያው ቻትጂፒቲን፣ ጥያቄ ሲጽፉለት የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ሞከርነው። «ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ በርኖስ የት እገዛለሁ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ረዥምና ትሁት ነው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሂዱ አለን። በርኖሱንም ከጥጥ የተሸመነ ነጭ ልብስ አደረገው። ጋሼ ከበስተኋላቸው የተሰቀለውን ጥቁር የበግ ፀጉር በርኖስ አንዴ ዞረው አዩና በሳቅ ፈነዱ።

ቀጥዬ መንዝ ውስጥ ስላለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠየቅኩት። አሁን ሌላ ሰው ሆነ። ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት ሲጠብቅበት የኖረውን የቄሮ ሥርዓት ዘረዘረልን። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋ እንደነበር ሁሉ ያውቃል።

ጓሳም መንዝ ነው፣ በርኖሱም የመንዝ ነው። ልዩነቱ ጓሳን ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲጽፉለት መኖራቸው ነው። እንዝርት ይዛ የበግ ፀጉር ስለምትፈትለው የመንዝ ሴት የተጻፈው ግን ከቁጥር አይገባም። ማሽኑ አልናቀንም። የተጻፈለትን ነው የሚያወራው።

እነዚህ ቻትቦቶች የሚመልሱት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እንደ ተማሪ ሸምድደው ነው። ሲሠለጥኑ ያነበቡት ውስጣቸው ቀርቷል፤ ዛሬ የጻፋችሁትን እዚያ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ሁለተኛው ደብተር ገልጠው ነው። ጥያቄው ሲመጣ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው፣ ጥቂት ገጾች አንብበው ያጠቃልላሉ። አንድ ባለሱቅ ዛሬ ሊደርስበት የሚችለው ይህ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ የእኛ ጣጣ ይጀምራል። የእኛ ሰው ገበያው ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ነው። እዚያ የሚለጠፈው አብዛኛው ነገር ለእነዚህ ሮቦቶች በሩ የተዘጋ ነው። ማስታወቂያውም ጽሑፍ አይደለም፤ ፎቶ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው። በርኖሱ ያምራል፣ ስልኩ በቀይ ተጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር፦ «ዋጋ በኢንቦክስ»። ሮቦት ኢንቦክስ አያደርግም። ዋጋውን፣ ቦታውን፣ የሚከፈትበትን ሰዓት የጻፈውን ሌላውን ሱቅ ይጠቅሳል። ሽሮ ሜዳ ያሉት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ያሸነፉን።

ስሙ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ደብረ ብርሃን አንዴ ተያይዞ ይጻፋል፣ አንዴ ተነጣጥሎ። በላቲን ፊደል ሲሆንማ እንደ ጸሐፊው ነው። አንድ ሆቴል በሩ ላይ፣ ካርታ ላይና ፌስቡኩ ላይ ሦስት ዓይነት ስም ይዞ አይቻለሁ። ሰው ያውቀዋል። ማሽኑ ሦስት ሆቴል ቢመስለው አልፈርድበትም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መክረሙንም አንርሳ። ያኔ ማን ምን ይጽፍ ነበር?

ወደ ቀብዱ ልመለስ። «አንደኛ» የሚባል ነገር የለም። ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ ብትጠይቁት አምስት ዓይነት ሊመልስ ይችላል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስትጠይቁትም መልሱ ይለያያል። ታዲያ ዋስትናው በየትኛው መልስ ላይ ነው? በ2023 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ይህንኑ ጉዳይ ፈትሾ ነበር። ምንጭ መጥቀስ፣ የሰው ንግግር እንዳለ ማስገባትና ቁጥር መጻፍ አንድ ገጽ በመልሱ ውስጥ የሚያገኘውን ቦታ እስከ 40 በመቶ ከፍ አድርገውታል። ያው የድሮው ብልሃት፣ ሰዎች የሚፈልጉበትን ቃል (ቁልፍ ቃል) እየደጋገሙ ገጹን ማጨቅ ግን ብዙም አልፈየደም። ጋሼ የተላከላቸው «ፓኬጅ» ውስጥ በትልቁ የተጻፈው ይኸው ቁልፍ ቃል ነው።

ፓኬጁ ውስጥ «ምርጥ 10 የበርኖስ ሱቆች» የሚሉ ጽሑፎች በተለያዩ ድረ ገጾች እናወጣለን የሚልም አለ። ዘጠኙ ሱቆች ከየት ይመጣሉ ስል ጠየቅኩ። መልስ የለም። እኔ ይህን ከስኳር ማር ለይቼ አላየውም። ለጊዜው ይሸጥ ይሆናል፣ ቀማሹ ግን ይደርስበታል።

ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ የሠራላችሁን ልጅ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ገጾችን እየዞሩ የሚያነቡትን የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሮቦቶች ዘግቶባቸው ይሆን? ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለ አገልግሎት ከጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ለሚገቡ ድረ ገጾች ከመጀመሪያው ዘግቶ ነው የሚያስጀምረው። ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ለጋሼ ገንዘባቸውን እንዲይዙ ነገርኳቸው። ሱቁን ጉግል ካርታ ላይ በአንድ ስም አስገባን፤ እሱ በነጻ ነው። ከዚያ አንዲት ገጽ ልንጽፍ ተቀመጥን። ፀጉሩ ከየት ይመጣል፣ ማን ይፈትላል፣ ማን ይሸምናል፣ በርኖስ ከባና በምን ይለያል፣ ሲቆሽሽ ምን ይደረጋል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስለ ዝተት ብቻ ግማሽ ሰዓት አወሩ። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም።

ዋጋው ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን። «እሱን ተወው» አሉ። ሮቦቱ ዋጋ የሌለውን ገጽ አልፎ ሊሄድ እንደሚችል አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው ለሮቦቱ ብቻ ንገረው። ጎረቤቴ እንዳያይ።»