ታንኳው ተወደሰ፣ ሠሪውስ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ታንኳን የጣና ጌጥ ብሎ ሲያወድስ፣ ሙዚየም ውስጥ ይቁም፣ ፌስቲቫልም ይደገስለት ሲል፣ ታንኳውን ስለሚሠሩት የጣና ዳር ነዋሪዎች፣ ስለ ነገደ ወይጦ፣ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ የተገለሉት፣ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ አማርኛ ብቻ የቀራቸው እነሱ ናቸው። ታንኳው ረግረግ ላይ ከሚበቅለው ከደንገል (ፓፒረስ) ነው፤ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቅና ነዶ ነዶውን ጠብቆ ይታሰራል። እርጥቡ ከታሰረ ቶሎ ይበሰብሳል። ደረቁም ቢሆን ውኃ ስለሚመጥ ከቀዘፋ በኋላ ዳር ወጥቶ መሰጣት አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ከወራት በላይ አይዘልቅም። አንዱን ሙዚየም ውስጥ ማቆም ታዲያ ለሙያው ምን ይፈይዳል? ሙያው በየጊዜው ትኩስ ደንገል ይፈልጋል። ደንገል ከላይ ቢታጨድ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ረግረጉ ለእርሻና ለግንባታ ሲደፈን ግን አለቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ፌስቲቫል ከመደገሱ በፊት በባሕር ዳር ዙሪያ የተረፈውን የደንገል ዳርቻ ከነዋሪዎቹ ጋር ዞሮ ይከልል።